በርጩማና መሐላ

ያቺን መደርደሪያው ላይ ያለችውን ሰማያዊ ማሽን አትንኪያት አልልሽም። ብትነኪያትም አትሠራም። ጠጋ ብለሽ ካሸተትሻት ግን እስካሁን የተቃጠለ ሽቦ ትሸታለች። እኔማ አቧራዋን በጨርቅ ሳራግፍ ያ ሽታ ይመጣብኝና የመጀመሪያው የሥልጠና ቀኔ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። እንጨት ለማጋጠም የትኛውን መሣሪያ ልግዛ፣ የትስ ልማር ብለሽ አይደል የመጣሽው? ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ።

ጅዳ አራት ዓመት የሰው ቤት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን እመቤቲቱ የወጥ ቤቷን ቁም ሳጥን ልታሳድስ ፓኪስታናዊ አናጢ አስመጣች። ሰውየው እንዲህ ያለችውን ማሽን ጣውላው ጠርዝ ላይ ሲያስጠጋት ዝዝዝ ትልና ቀጭን ስንጥቅ ታወጣለች። ስንጥቁ ውስጥ ኮላ የተቀባ ስስ የእንጨት ቁራጭ ይከትና ሌላውን ጣውላ ይገጥምበታል። ሚስማር የለ፣ መዶሻ የለ። ሻዩን ይዤለት እንደቆምኩ ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ከዓረብ አገር የሚመለሱት ሌሎቹ ሴቶች ወርቅ ገዝተው ሲገቡ እኔ ማሽን ገዝቼ አገሬ ሐይቅ ከተማ ገባሁ።

ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ነበር፤ ወጣቱ ሁሉ ተደራጅ፣ ሥራ ፍጠር ይባላል። እኔም ሥልጠና ፍለጋ ደሴ ተመላለስኩ። አንዱ ቦታ «ለሴት ያለን ጸጉር ሥራና ምግብ ዝግጅት ነው» አሉኝ። ሌላው ተቀበለኝ፤ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ የመጋዝ ሥዕል በደብተር ስንገለብጥ ከረምን፣ መጋዙን በዓይናችን ሳናየው። ትቼው ተመለስኩ። ለካ የምፈልገው ሰው እዚያው አገሬ ኖሯል፦ ወደ እስጢፋኖስ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የሐይቁ ነፋስ በሚያንኳኳው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሽማግሌ አናጢ። ያን ጊዜ የሚያስተምሩት እኔንና አንድ ከአምባሰል የመጣ ገበሬን ነበር። ገበሬው እኩያዬ ነው፤ መሬቱ ለወንድማማች ተከፋፍሎ ስላነሰበት ሙያ ፍለጋ የወረደ።

በመጀመሪያው ቀን ማሽኔን በኩራት አውጥቼ ሰካኋት። የጅዳው ቤት መብራት መቶ አሥር፣ የኛ ሁለት መቶ ሃያ መሆኑን ማን ነግሮኝ! ጧ አለች፣ ጭስ ተፋች፣ የቤቱ መብራት ድርግም አለ። ገበሬው በሩን በርግዶ ወጣ። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው እንኳ አልተነሡም።

«ነፍስ ይማር» አሉ። «በይ አሁን ወደ ሥራ እንግባ።»

ሦስት መሮ ዘረጉልኝና ምረጪ አሉኝ። ሰፊውንና የሚያብለጨልጨውን አነሣሁ። «ለሠርግ ነው?» አሉኝ። ከዚያ የበርጩማ እግር አስጨበጡኝ። መሮ የሚመረጠው በመልኩ ሳይሆን በእንጨቱ ውፍረት ነው። የምትቆፍሪው ጉድጓድ የእግሩን ሲሶ ብቻ ይውሰድ፤ ከሰፋ እግሩ ይሰነጠቃል፣ ከጠበበ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው የሌላው እንጨት ጫፍ ይቀጥንና ይሰበራል። ጠባቧን መሮ አነሣሁ። ይኸውልሽ፣ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያኑ ዕለት ነው።

የሳቸው ፈተና ወረቀት አልነበረውም። ያለ ሚስማር፣ ያለ ኮላ በርጩማ ትሠሪያለሽ፤ በመጨረሻው ቀን እናትሽን አምጥተሽ ታስቀምጫታለሽ። «ሰው ለገበያ ሲሠራ ይቸኩላል፤ እናቱ እንደምትቀመጥበት ሲያውቅ ግን እጁ አደብ ይገዛል» ይሉ ነበር። እናት ካልመጣች ማለፍ የለም። ሳታልፊ ደግሞ አይመሰክሩልሽም፣ ሐይቅ ላይ ያለሳቸው ምስክርነት በር ግጠሚልኝ የሚልሽ አታገኚም። ያ ካልሆነልኝ የሚጠብቀኝ ተመልሶ የሰው ቤት መግባት ነበር።

የገበሬው እናት ገና ሳይጀምር ነጠላዋን አሳጥባ ተዘጋጅታለች አሉ። ሰኞ ሰኞ የምትልክለትን ቆሎ ሦስታችን ነበር የምንበላው። የኔይቱ ግን በጄ አላለችም።

«የአናጢ እናት ልባል ነው ዓረብ አገር የላክሁሽ? ቀኑን ሙሉ መጋዝ ስትስብ የምትውልን ሴት ማን ያገባታል?» አለችኝ። ለመንኳት። ጎረቤት ልኬ አስለመንኳት። ባሰባት። «ወላሂ፣ በርጩማሽ ላይ አልቀመጥም» አለች። እናቴ በአላህ ስም ማለች ማለት አበቃ ማለት ነው፤ እንደ ሌላው ሰው ቀን ከሌት ወላሂ የምትል ሴት አልነበረችም። ያን ቀን ሐይቁ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ ወረደ። ምኑን ልንገርሽ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ደሴ ተመመ፤ እኔና እናቴም ፍራሽ ተሸክመን ወጣን። ሽማግሌው መሮዎቻቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡ። ስንመለስ የቆርቆሮው ቤት በር ተገንጥሏል፣ የጀመርናቸው በርጩማዎች ተማግደው አመድ ሆነዋል። መብራት የለም። ሽማግሌው አመዱን ጠረጉና «ከተማው በር የለውም፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አሉኝ። ወራት ሙሉ የሰው በር ስንጠግን ቆየን። በርጩማውን እንደገና የጀመርነው ከተረፈው የዋንዛ ፍልጥ ነው።

«ቆየን» ማለቴ እኔና ሽማግሌውን ነው። ገበሬው የመጣው ዘግይቶ፣ ጥቁር ለብሶ ነው። እናቱ በስደቱ መንገድ ላይ ታማ፣ ከማታውቀው አጥቢያ ተቀበረች። «ቀረች» አለ። መላጊያውን አንሥቶ ሥራ ጀመረ።

ሽማግሌው «ያንተ ላይ እኔ እቀመጣለሁ» አሉት።

«አይሆንም ጋሼ» አለ። «የጀመርኩት ለሷ ነው። ልጨርሰውና ባዶውን ይቁም።»

ማታ ለእናቴ ይህንኑ ነገርኳት። እጇ ጉርሻውን እንደያዘ ቆየ። በማግሥቱ ምሳ አልበላም አለች። በሁለተኛውም ቀን። ረመዳን ሩቅ ነው፣ ምን ጾም ነው ስላት «የራሴ ነው» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ነው የገባኝ። በኛ ሃይማኖት የማለ ሰው መሐላውን ሊያፈርስ ሲል ከፋራ አለበት፦ ድሃ ያበላል፣ አቅም ያጣ ሦስት ቀን ይጾማል። ከስደት የተመለሰ ሰው ማንን ያበላል? ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ማፍጠሪያ ውኃውን እኔው አቀበልኳት።

በፈተናው ቀን ሻሿን ጠምጥማ መጣች። ሽማግሌው ተነሥተው «እንኳን ደኅና መጡ» አሏት። እኔ በርጩማዬን ጠርጌ አስጠጋሁላት። አለፈችው። ጥግ ላይ በርጩማውን ጉልበቱ መሀል ይዞ ወደተቀመጠው ገበሬ ሄደች።

«ልጄ፣ እናትህ ትቅደም» አለችው። «በሷ ፋንታ ብቀመጥ ቅር ይልሃል?»

በርጩማውን ፊቷ አኖረና ተንበርክኮ ጠርዙን በሁለት እጁ ደገፈላት። እናቴ ተቀመጠች። ከዚያ እግሯን ከመሬት አንሥታ መላ ክብደቷን ጣለችበት። እንጨቱ ሲጥ አላለም።

«አብሽር ልጄ» አለችው እጇን ጭንቅላቱ ላይ አድርጋ፤ «ልቀቀው፣ ችሎኛል።»

ለቀቀው። ያን ጊዜ ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ፤ ከመጣ ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። አልቀናሁም ብልሽ ዋሸሁ። የኔ በርጩማ መሀል ቤት ባዶውን ቆሟል፣ ልቤ ግን ለሁለታቸውም ይላወሳል።

ብዙ ከቆየች በኋላ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ተነሣች። መጥታ የኔ ላይ ተቀመጠች። እዚያም እግሯን አነሣች። ሽማግሌው አቀርቅረው ዓይናቸውን ያብሳሉ፣ ገበሬው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። እናቴ ስትቀመጥልኝ ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ።