ሪላክሰር አልቀባም ያልኩ ዕለት

ከደብረ ብርሃን በወጣሁ ሌሊት እቤታችን የተኛ ሰው አልነበረም። እናቴ ጋቢ ካልወሰድሽ እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነጋ። "እማዬ፣ ጁባ እኮ ሙቀት ነው አሉ" ብላት፣ "እሱን ሄደሽ ስታይው ነው" ብላ ሻንጣዬ ላይ አሰረችው። አባቴ ጡረታ የወጣ ርእሰ መምህር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ካልመጣልኝ ወዲህ ከሰላምታ በላይ አናወራም ነበር። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ግን ወደ መስኮቱ ተጠግቶ "በሰው አገር ከማንም ጋር እንዳትጣይ" አለኝ። ምክሩን አልጠበቅሁለትም።

በሞያሌ ወጥቼ፣ በናይሮቢና በካምፓላ አድርጌ፣ በኒሙሌ በኩል ጁባ ገባሁ። የመጨረሻው መንገድ ቀይ አቧራ ብቻ ነበር፤ ስወርድ ፀጉሬ ጡብ መስሏል። የሰሜንና የደቡብ ሱዳን ጦርነት ቆሞ ሰላም ወረደ ከተባለ ገና ጥቂት ዓመት ስለሆነ፣ ሆቴል የሚባለው ሁሉ ኮንቴይነርና ድንኳን ነው። ሙቀቱንማ አትጠይቁኝ። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የምታማርሩ ሁሉ መጥታችሁ ጁባ ላይ አንድ ከሰዓት ዋሉ፤ ውርጩን ይቅርታ ትጠይቁታላችሁ።

እትዬ አስካለ የምትባል ያገራችን ሰው ሆቴል አስተናጋጅ ሆኜ ገባሁ። እንጀራው የአገር ቤት ነው፣ ዘፈኑ የአገር ቤት ነው፣ እጄን የሚይዘኝ ሰካራም ግን ከየአገሩ ነው። አንድ ቀን ለእትዬ አስካለ ብነግራት "ደንበኛ ንጉሥ ነው" አለችኝ።

"ንጉሥ ከሆነ ዙፋኑ ላይ ይቀመጥ፤ እጄ ምን ቤቱ ነው?" አልኳት።

በዚያው ሳምንት ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ፣ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈ ማስታወቂያ አየሁ፦ የውበት ሥራ ትምህርት ቤት፣ ስድስት ወር፣ ሰርተፊኬት ያለው። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማንም ሊነጥቀኝ የማይችል ሙያ እጄ ላይ ቢኖር ብዬ አሰብኩ። ለእትዬ አስካለ ከሰዓት ከሰዓት ልማር ብላት ሳቀች።

"ስንት ሥራ እያለ የሰው ቅማል ልትፈልጊ ነው?"

"ቅማል እጅ አይይዝም፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ወይ ሆቴሉ ወይ ትምህርት ቤቱ!" አለች። ሽርጤን ፈትቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩላት።

ጠዋት ጠዋት የአንድ ወሎዬ ነጋዴ ሱቅ እያጸዳሁ፣ ከሰዓት መማር ጀመርኩ። የሥራ ፈቃዴን ላሳድስ ቢሮ ብሄድ ደግሞ ሹሙ ወረቀቴን እያገላበጠ "እዚህ አስተናጋጅ ይላል፤ አንቺ ተማሪ ነኝ ትያለሽ። ሁለት ሰው መሆን አይቻልም" አለኝ።

"ጠዋት ሠራተኛ፣ ከሰዓት ተማሪ ነኝ።"

"ታዲያ ማንኛዋ ናት አሁን እኔ ፊት የቆመችው?"

"የደከማት" አልኩት። እሱም ሳይስቅ "ቡክራ" አለኝ። ነገ ማለት ነው። ያ ነገ ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሰ፤ በአሥረኛው ማኅተሙን መታልኝ።

ትምህርት ቤቱ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። አስተማሪያችን ማዳም ሮዝ ኡጋንዳዊት ናት። ለአሥራ ስምንት ተማሪ ሦስት የፕላስቲክ ጭንቅላት ነበረን፤ ሦስቱም የፈረንጅ ፀጉር ያላቸው። በጁባ ጎዳና እንደዚያ ያለ ፀጉር ይዞ የሚሄድ ሰው የለም፤ እኛ ግን ተራ እየጠበቅን ቢጎዲን በሚሉት የፀጉር መጠቅለያ እንጠቀልልላቸዋለን። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ይቆማል፣ ያኔ ማዳም ሮዝ መጽሐፉን ታስነብበናለች። ሌሎቹ ያንቀላፋሉ። እኔ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንኳን እንደዚያ አላጠናሁም፤ የራስ ቆዳ በሽታ፣ የኬሚካል ዓይነት፣ ሁሉን በቃሌ ያዝኩት።

የፈተናው ዕለት እያንዳንዳችን ፀጉሩ የሚሠራለት ሰው ይዘን መምጣት ነበረብን። ሆቴሉ ውስጥ አብራኝ ታስተናግድ የነበረች ልጅ ልትመጣልኝ ቃል ገብታ ነበር፤ እትዬ አስካለ ከለከለቻት። በር ላይ ሻይ ከምትሸጠው ከኛማል ዘንድ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ። ኛማል ጋምቤላ፣ ኢታንግ ስደተኞች ጣቢያ ያደገች የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል።

"ለዚህ ነው የምታለቅሺው? እኔን ውሰጂኝ" አለችና ሻሿን ፈታች።

ደነገጥኩ። ከግንባሯ በላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተልጦ ነበር። መንገድ ዳር አንዷ ፀጉር የሚያለሰልሰውን መድኃኒት፣ ሪላክሰር የሚሉትን፣ ቀብታት አቃጥሏታል። ዳር ዳሩ ገና አልደረቀም።

ፈታኙ ከካምፓላ የመጣ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ነው። የፈተናው ጥያቄ ሪላክሰር ቀብታችሁ አስተካክሉ ይላል። እኔ ጣሳውን አልከፈትኩም።

"ለምን አትጀምሪም?" አለኝ።

"ቁስል ላይ ኬሚካል አልቀባም።"

"ጥያቄው ግን ቅቢ ነው የሚለው።"

"ጥያቄውን ያወጣው ሰው እሷን አላያትም።"

"ትወድቂያለሽ!"

"ልውደቅ። እሷ ግን ሁለተኛ አትቃጠልም።"

ስድስት ወር ሙሉ የጠረግኩት የሱቅ ወለል ሁሉ ፊቴ ድቅን አለ። ቢሆንም በለብታ ውኃ ቀስ ብዬ አጠብኳት፣ የተጎዳውን ፀጉር አሳጥሬ ቆረጥኩ፣ የቀረውን ሳልስብ በስሱ ወደ ኋላ ጎነጎንኩት። ኛማል መስታወቱን አይታ ሻሿን እኪሷ ከተተችው። ባዶ ራሷን ሆና ሻይዋ ጋ ተመለሰች።

ፈታኙ ለሪላክሰሩ ዜሮ ሰጠኝ። በሌላው ነጥቤ ለጥቂት አለፍኩ፤ ከክፍሉ የመጨረሻዋ። ማዳም ሮዝ አንገቷን እየነቀነቀች "ግትር!" ብላ ተቆጣችኝ። በሳምንቱ ቅዳሜ ግን የራሷን ፀጉር ላሠራ ብላ እኔ ጋ መጣች።

አሁን ኮንዮ ኮንዮ አንድ ሳሎን ውስጥ የራሴ ወንበር አለኝ። ደቡቡ ከሱዳን ይገንጠል ወይስ አይገንጠል የሚለው ሪፈረንደም ስለተቃረበ፣ ከካርቱም በጀልባ የተመለሱ ሴቶች ወረፋ ይይዛሉ። አንዳንዷ "የተቃጠለ ፀጉር የምታውቀው ሐበሻ የታለች?" ብላ ነው የምትገባው። ሰርተፊኬቴን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ዝቅተኛውን ማርክ ከነማኅተሙ።

ባለፈው እሑድ ቤት ደወልኩ። ታናሽ እህቴ መቅደስ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወድቃ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። "አንቺ የተማርሽውን ልማር?" አለችኝ በሹክሹክታ። አዎ ብዬ ሳልጨርስ አባቴ ስልኩን ተቀበላት።

"ከዚህ ቤት የወደቀች አንዷ ትበቃለች" አለ።

"አባባ፣ እኔ እኮ አልወደቅሁም።"

"ልጆቼን ያስተማርኩት የሰው ራስ እንዲያጥቡ አይደለም።"

"ያጠብኩት ራስ ሁሉ ቀና ብሎ ነው የወጣው፣ አባባ። አሁን ስልኩን ለመቅደስ ይስጧት።"

አልሰጣትም። አልዘጋውምም። ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ካርዴ እየቆጠረ ነው። እኔም አልዘጋሁም።