ሁለት ደንገል

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ሰይድ ቤት ሄጄ ሳለ፣ ልጁ ሪሃና መጽሐፏን ታቅፋ መጣችና አንድ ሥዕል አሳየችኝ። የኤችአይቪ ሥዕል ነው፤ ሆዱ ውስጥ ሁለት ክሮች አሉ።

«አክስቴ፣ አንድ አይበቃውም? ለምን ሁለት ይዞ ይዞራል?»

መልሱን ትቼ፣ እሷ ከመወለዷ በፊት ወደነበረ አንድ ከሰዓት በኋላ በሐሳብ ሄድሁ።

ያኔ እዚሁ ባሕር ዳር ባዮሎጂ እማር ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ጣና እስከ አፉ ሞልቷል። ታንኳ ሠሪው ወንድሜም ሚስቱ ከድጃም ቫይረሱ በደማቸው ነበር፤ አንድ ዓይነት መድኃኒት ጀመሩ። ለእሷ በደንብ ሠራላት። ሰይድ ግን ታንኳ ሊሸጥ ማዶ በተሻገረ ቁጥር ክኒኑን ቤት እየረሳ፣ ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላመደና ሌላ ተቀየረለት። በዚህ ላይ ኮንዶሙን ተወው። «ሁለታችንም አለብን፤ ከእንግዲህ ማን ከማን ይጠበቃል?» አለ።

አንድ ቀን ከድጃ ቀረሶ ዓሣ እየጠበሰች፣ የሚፈናጠረውን ዘይት ሰበብ አድርጋ ፊቷን አዞረችና፣ «እኔን አይሰማኝም። አንቺ ተምረሻል፤ እባክሽ ንገሪው» አለችኝ።

ታናሽ እህት ለታላቅ ወንድሟ የመኝታ ነገር ልታወራ! በእኛ ቤት እንኳን ይህ፣ ሳቅ ሲበዛም ያስቆጣል። በማግስቱ ከትምህርት ስመለስ በዘንባባው ጥላ ሥር ብስክሌቴን እየገፋሁ ሐይቁ ዳር ወዳለው ቤታቸው ወረድሁ። መንዳት አቅቶኝ አይደለም፤ መድረሱን ስላልወደድሁት ነው።

ሰይድ ከሐይቁ ዳር ያጨደውን፣ ለታንኳ የሚሆነውን ደንገል እያሰረ ነበር። ዓይኔን ከውኃው ሳልነቅል ሁለት ደንገል አነሳሁ።

«ቫይረሱ ውስጥ እንዲህ ሁለት ክር አለ። እያንዳንዱ ጫፉ አጠገብ ይታጠፍና ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ላይ ጥቂት የዘር ፊደላት አሉ፤ የአንዱ ከሌላው ሲገጥም ይያያዛሉ። ከዚያ ጥብቅ ብለው አብረው ይታሸጋሉ።» ሁለቱን አጥፌ አቆላለፍኋቸው።

«ወንድማማቾች ናቸዋ» አለ።

«ላይሆኑም ይችላሉ። ያንተና የከድጃ ቫይረስ አንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙ፣ አንዱ ክር ካንተ አንዱ ከሷ ሊጣመር ይችላል። በኋላ ቫይረሱ ሲባዛ ቅጂው ከአንዱ ክር ወደ ሌላው እየዘለለ ነው የሚገለበጠው፤ የከድጃን መድኃኒት የማይፈራ አዲስ ቫይረስ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ እሷ...»

አልጨረስሁትም። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ግሎ ነበር።

ሰይድ የተቆላለፉትን ደንገሎች ተቀብሎ አገላበጣቸው።

«የሷ አሁን ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ደህና እንደሆነ ይቆያል። ግቢ፤ ዓሣ አለ፣ ብዪ።»

እሺ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ወደ ቤት ስመለስ ብስክሌቱን ነዳሁት።

ከዓመታት በኋላ የሁለቱም ቫይረስ በመድኃኒት ተዳክሞ፣ ሐኪም መክሯቸው ሪሃና ጤነኛ ሆና ተወለደች። ዛሬ የክኒናቸውን ሰዓት የምታስታውሳቸው እሷ ናት። በሕይወቴ ከተናገርሁት ሁሉ የጠቀመ ነገር ካለ ያ የፈራሁት ንግግር ይመስለኛል።

ቅዳሜ ዕለት ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ ሰይድ በረንዳው ላይ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ፣ «ቆይ፣ ይህን እኔ ልንገራት» አለ። ወደ ጓሮ ወጥቶ ሁለት ደንገል ይዞ ተመለሰ። ከድጃ ምድጃው አጠገብ ዓሣ እየጠበሰች ታየው ነበር። ዘይቱ እየተፈናጠረ እንኳ ፊቷን አላዞረችም።