ግድግዳው ሀዲይኛ የሚሰማ ቤት

ትርፊት ጠና በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ወደ ሆሳዕና ስትመለስ ሥራዋን በሻንጣ ይዛ መጣች። ጎረቤቷ ነኝና ይህን ስሰማ በጣም ተደንቄ ነበር። ሥራ ማለት ጠዋት ተነሥቶ የሚኬድበት ቦታ ነው ብዬ አድጌያለሁ፤ መምህር የነበረው አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ኮቱን ለብሶ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ደርሶ ይመለስ ነበር። የትርፊት ሥራ ግን ላፕቶፕ፣ ኢርፎንና አውራ ጣት የምታህል የኢንተርኔት ዶንግል ብቻ ነበር። ቦታ የለውም።

አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አንድ የጥናት ቢሮ አራት ዓመት ሠርታለች። መረጃ ሰብሳቢዎች ስለ እናቶች ጤና በየገጠሩ የቀዱትን ቃለ መጠይቅ እየሰማች ሀዲይኛውን በአማርኛ ትጽፋለች። በዚያ ዓመት መስከረም እናቷን ወይዘሮ አበራሽን ደም ግፊት ጣላቸው። ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ ንግግራቸውም ተሰባበረ። ያላት አንድ ወንድም ኤፍሬም ደቡብ አፍሪካ ነው። ሥራውን ብትተው መድኃኒት የሚገዛ የለም፤ ባትመጣ ደግሞ መድኃኒቱን የሚያውጥ የለም። ስለዚህ የቢሮውን ኃላፊ አቶ አክሊሉን ለመነቻቸው፤ ከወሩ ሦስቱን ሳምንት ከሆሳዕና፣ አንዱን ሳምንት ከቢሮ ልትሠራ።

አቶ አክሊሉ ለሦስት ወር ሙከራ ፈቀዱ፤ በዚያች አንድ ሳምንት እናቷን የምጠብቅላት እኔ ነበርኩ። አንድ ወረቀትም አስፈረሟት።

"መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ ብትዪኝ እታገሣለሁ" አሏት። "እነዚህ ሴቶች ግን ለባላቸው ያልነገሩትን ነው የነገሩን። ካንቺ ጆሮ ሌላ ጆሮ የሰማ ቀን ሙከራው አበቃ።"

ጎፈር ሜዳ ሰፈር ያለው የእናቷ ቤት በሩ ቀን አይዘጋም። በእኛ ሰፈር ደግሞ ቀን ቤቱ የተገኘ ሰው የሁሉም ሰው ነው። አንዷ ልጇን አስቀምጣባት ገበያ ትወጣለች፤ አንዱ ለቀበሌ ማመልከቻ ያጽፋታል። የአንድ ለአምስት ሰብሳቢዋ ወለተሥላሴ ለስብሰባ ልትጠራት መጥታ "ሥራ ላይ ነኝ እኮ" ብትላት፣ ከራሷ እስከ እግሯ አየቻትና "በነጠላ ጫማ?" አለቻት።

ትርፊት ስልኳ በጮኸ ቁጥር አቶ አክሊሉ መስለዋት ትደነግጣለች። ማለዳ፣ ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ ተነሥታ የጻፈችውን ትልካለች፤ መላኩ ዘጠና ሁለት በመቶ ላይ ሲቆም ትንፋሿም አብሮ ይቆማል። ይህን ሁሉ ግን አስቀድማ ፈርታዋለች፤ ተዘጋጅታበታለችም። ያልፈራችው ነገር ሌላ ነበር።

ትርፊት አንድ የሥራ ጠባይ አላት። ኢርፎኑን ሁለቱ ጆሮዎቿ ላይ ሰክታ የሰማችውን ዓረፍተ ነገር በአፏ ትደግመዋለች፤ በተናጋሪዋ ዜማ፣ ከነማቅማማቷ፣ ከነሳቋ። ያኔ ነው አማርኛው የሚመጣላት። ካዛንቺስ እያለች ባልደረቦቿ "ትርፊት ጸሎቷን ጀመረች" እያሉ ይስቁባት ነበር። ከመካከላቸው ሀዲይኛ የሚሰማ ግን አልነበረም። እሷም ጆሮዋ ስለተደፈነ ድምፅዋ ምን ያህል እንደሚወጣ አታውቅም።

በጥር አጋማሽ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ አክስቷ ወይዘሮ ብርሃኔ ቆጮ ይዘው እህታቸውን ሊጠይቁ መጡ። ትርፊት ከመጋረጃው ጀርባ ሥራ ላይ ነበረች። የምትሰማው ከሆመቾ አካባቢ የተቀዳ የአንዲት ሴት ቃል ነው። ሴትዮዋ አምስት ሴቶች ልጆች አሏት፤ ባሏ ወንድ ልጅ ይጠብቃል። እሷ ግን በየሦስት ወሩ ሆሳዕና መጥታ የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወጋለች። "ገበያ ነበርኩ እንድል ጨው ገዝቼ እገባለሁ" ትላለች እየሳቀች። "ቤቴ ጨው ብቻ ሆነ።"

ትርፊት ሳቁን ጨምራ ደገመችው። ጽፋ ጨርሳ ኢርፎኑን ስታወልቅ አክስቷ መጋረጃውን ገልጠው ቆመዋል። ቆጮው ገና በእጃቸው ነው።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከማንም። ሥራዬን ነው።"

"ይህ ጨው..." አሉ አክስቷ። "ይህ የባሌ ወንድም የሕዝቅኤል ሚስት አነጋገር ነው።"

ፋይሉ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ትርፊት ሴትዮዋን አታውቃትም። በጆሮ የመጣላትን ሰው በአፏ ከነመልኩ አውጥታ ለዘመድ አሳይታው ነበር። ወይዘሮ ብርሃኔ ቆጮውን አስቀመጡ፣ እህታቸውን ሳሙ፣ ሄዱ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ትርፊት ያለፉትን ሳምንታት ወደ ኋላ ታስስ ጀመር። ማመልከቻ ያጻፋት ሰውዬ በረንዳ ላይ ስንት ደቂቃ ጠበቀ? ወለተሥላሴ ከመግባቷ በፊት ምን ሰምታ ነበር? ያቺ በሌላ ቅጂ ላይ የመውለጃዋን ሌሊት የተናገረችው የቦኖሻ ሴት፣ እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ጮኻ ወለደች? እናቷ ሁሉንም ሰምተዋል፤ እሳቸው ግን መናገር አይችሉም። በዚህ መጽናናቷን ስታውቅ አፈረች።

በማግስቱ እስክሪብቶ በጥርሷ ነክሳ በዝምታ ለመሥራት ሞከረች። አማርኛው አልመጣም። እስከ ቀትር ሦስት መስመር ጻፈች። ከሰዓት በኋላ አቶ አክሊሉ ደወሉ።

"ምነው ትርፊት? ዛሬ ምንም አልደረሰኝም።"

"መብራት ጠፍቶ ነው" አለች። አምፖሉ ከራሷ በላይ በርቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አክስቷ ወደ ሆመቾ ለቅሶ ሊሄዱ መሆኑን ሰማች። ሆመቾ ሕዝቅኤል አለ። እናቷን ለእኔ አደራ ብላ መናኸሪያ ሮጠች። ያየሁት ፊቷን ብቻ ነው፤ የቀረውን የነገረችኝ ኋላ ነው።

ወይዘሮ ብርሃኔ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል።

"አክስቴ፣ ውረጂ አንዴ ላናግርሽ።"

"ቦታዬን ማን ይጠብቅልኛል? እዚሁ ተናገሪ።"

"እዚህ ሰው አለ።"

"ሰው መኖሩ አሁን ነው የታየሽ?" አሉና ነጠላቸውን ወንበሩ ላይ አድርገው ወረዱ።

"ለሕዝቅኤል እንዳትነግሪው። እለምንሻለሁ።"

አክስቷ ትክ ብለው አዩዋት። "መርፌ በምትወጋበት ቀን ትንሿን ልጅ ማን የሚይዝላት ይመስልሻል? ጨውስ ማን ይገዛላታል? ሁለት ዓመት ለእናትሽ እንኳ አልተነፈስኩም። አንቺ በአንድ ጠዋት አወጣሽው።"

ትርፊት የሚኒባሱን በር ያዘች። ልታመሰግን አፏን ስትከፍት አክስቷ ከለከሏት።

"እኔ ሆኜ ነው። በሚቀጥለው ማን ይቆማል መጋረጃሽ ጋ? ለአለቃሽ ንገሪው።"

"ከነገርኩት ያባርረኛል። እማን ጥዬ ልሄድ ነው?"

"ይቺስ አምስት ልጅ ይዛ ከቤቷ ብትወጣ የት ትገባለች?"

ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። "እማማ፣ ይመጣሉ ወይስ ነጠላዎትን ለቅሶ ላድርስልዎት?"

ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ ትርፊት የመናኸሪያውን አጥር ተደግፋ ለአቶ አክሊሉ ደወለች። ሁሉንም ተናገረች።

"ስንት ሰው ሰማ?"

"አላውቅም።"

"ሐሙስ ዕለት መብራትስ?"

"ነበረ።"

"ያሉሽን ድምፆች ዛሬውኑ አጥፊ። ማክሰኞ እደውላለሁ።"

በእነዚያ ሦስት ቀናት ትርፊት የበላችውን እኔ አላየሁም። የእናቷን ልብስ ሁሉ አጠበች፤ የታጠበውን ደግማ አጠበች። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጠራ ሁለት ጊዜ አየችውና በሦስተኛው አነሣችው።

ሙከራው በቃላቸው መሠረት አብቅቷል፤ ድምፅ ከእንግዲህ ከቢሮ አይወጣም። አቶ አክሊሉ ግን ሌላ ነገር አስበዋል። ትርፊት ከወሩ ሁለቱን ሳምንት ካዛንቺስ ተቀምጣ ትሰማለች፣ እንደ ልማዷ እያወራች ትጽፋለች። ሁለቱን ሳምንት ደግሞ ሆሳዕና ሆና፣ ሌሎች የጻፉትን አማርኛ እያረመች ትሠራለች፤ እሱ አፍ አይፈልግም።

"ስለ መብራቱ የዋሸሽውን ግን አልረሳውም" ብለው ዘጉ።

ወይዘሮ ብርሃኔ ፍራሻቸውን ይዘው መጡ። ሁለቱን ሳምንት እሳቸው ሊያድሩ ነው። ትርፊት የመድኃኒቱን ሰዓት በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች፤ አላቀቀችው፤ ወደ አልጋው ጠጋ አድርጋ እንደገና ለጠፈችው። አክስቷ ሰዓቱን በቃላቸው እንደያዙት ሦስት ጊዜ ነገሯት።

እሑድ ጠዋት ሻንጣዋን ዘግታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

"መ...ቼ?" አሉ ወይዘሮ አበራሽ።

"በአሥራ አምስት ቀን፣ እማ።"

እናቷ በደህናዋ እጃቸው መቁጠር ጀመሩ። አምስት ጣት አጥፈው ጨረሱ፤ እጃቸውን ከፍተው ዳግም ከአንድ ጀመሩ። ትርፊት አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ሰዓቷን እያየች፣ ሦስተኛው ዙር እስኪያልቅ ጠበቀች።