ከነፕላስቲኩ የተከልኳት ዝግባ

የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ኃላፊም ነኝ፤ ሌላ ሰው እምቢ ስላለ የደረሰኝ ሥራ ቢሆንም፣ ሳወራው ግን ተመርጬ የያዝኩት ነው የሚመስለው። ከአጥሩ ጀርባ ያለው ተዳፋት መሬት ሲለቀቅልን፣ ልጆቹን ከክፍል አውጥቼ አፈር እያስነካሁ ላስተምር ቆረጥኩ። ለዚህም መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ኮፍያ መግዛት ነው። ጦር ኃይሎች ታክሲ ስጠብቅ አንድ ወያላ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ፋዘር፣ ሳፋሪ ነው?" አለኝ።

በነሐሴ ለሰባተኛ ክፍል ከተመዘገቡት ሠላሳውን ይዤ ወጣሁ። ዝናቡ እያካፋ፣ እኔ ስለ ሥር ግማሽ ሰዓት ሙሉ ደሰኮርኩ። "መጀመሪያ ፕላስቲኩን ቅደዱ! ሥር መፈናፈኛ ይፈልጋል!" ብዬ ሦስት ጊዜ የጮኽኩት እኔው ነኝ። ከዚያ አንዲት ዝግባ አንስቼ አተካከል ላሳያቸው ጎንበስ አልኩ። የስፖርት መምህሩ ፎቶ እያነሳኝ ስለነበር ቀና አልኩ፣ እንደገና ጎንበስ አልኩ፣ ኮፍያዬን አስተካከልኩ። አፈሩን መለስኩ፣ ተጨበጨበልኝ።

መስከረም ላይ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ችግኝ ተረከበ፤ ክብካቤው ከአሥር ይታረማል። የእኔን ዝግባ ለክብር ብዬ ለአንዲት ዝምተኛ ተማሪ ሰጠኋት። የትምህርት ቤቱ ቧንቧ እንደ ስብሰባችን ነው፤ ድምፅ እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለውም። ስለዚህ ልጅቷ ከ18 ማዞሪያ፣ ከቤቷ፣ በየቀኑ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ትመጣ ነበር። እሱም ቢሆን በፈረቃ የሚመጣ፣ እናቷ በበርሜል ያጠራቀሙት ውሃ ነው።

ኅዳር ላይ የብዙዎቹ ችግኝ ሲለመልም የእሷ ቢጫ ሆነ። ታኅሣሥ ላይ ደረቀ።

"አጠጥቻለሁ ቲቸር" አለችኝ።

"ችግኝ አይዋሽም" አልኳት። አባባሉን እዚያው ስለፈጠርኩት በጣም ወደድኩት፤ በሌላ ክፍልም ደገምኩት። ሦስት ከአሥር ሰጠኋት። አልበቃ ብሎኝ በወላጆች ስብሰባ ላይ እናቷን ለብቻ ጠርቼ "ውሃውን መንገድ ላይ የምትደፋው ይመስለኛል" አልኳቸው። እናቲቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሰሙኝና አመስግነውኝ ሄዱ።

መጋቢት ላይ የደረቁትን ችግኞች እየነቀልን ምክንያቱን የምንመረምርበት ትምህርት ነበረን። ልጅቷ የራሷን ቆፈረች።

"ቲቸር፣ ፕላስቲክ አለው" አለች።

እውነትም ጥቁሩ ፕላስቲክ አንድም ቦታ ሳይቀደድ አለ። ሥሮቹ መውጫ አጥተው እዚያው ተጠማዘዋል። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው ነገር ዛሬም ያሳፍረኛል። ኮስተር ብዬ "ይሄን የተከለው ማነው?" አልኩ።

ሠላሳ ልጅ መሬት መሬት አየ። ቆይቶ ከኋላ አንዱ "እርስዎ ነዎት ቲቸር። ቴሌግራምዎ ላይ ፎቶው አለ" አለ። ስልኬን አውጥቼ አጎላሁት። ከባለ ኮፍያው ሰውዬ እጅ ሥር ፕላስቲኩ ጥርት ብሎ ይታያል። ሰባት ወር ሙሉ ለዘመድ ለወዳጅ እያሳየሁ "እኔ ነኝ" ስል የከረምኩት ጥፋቴን ነው።

"ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት በሁሉም ፊት። "ውጤትሽን አሥር አደርገዋለሁ።"

"ውጤቱ ይቅር ቲቸር" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ለእማዬ ይንገሩልኝ። እስካሁን አታምነኝም።"

የዚያኑ ቀን ከትምህርት በኋላ አብሬያት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ስለ ሥርና ስለ አየር የምናገረውን ሳሰናዳ ነበር፤ በዕውቀት ካጀብኩት ጥፋቴ የሚቀልልኝ መስሎኝ። እናቲቱ በር ላይ ተቀበሉኝ። ልጅቷ ጎኔ ቆማ የጠርሙሱን ክዳን ታዞራለች። ሳያት ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋኝ።

"ልጅዎ በየቀኑ አጠጥታለች" አልኩ። "ዝግባዋን ያደረቅኋት እኔ ነኝ።"

እናቲቱ እኔን አላዩኝም፤ ልጃቸውን ነው ያዩት።

"እሷማ በማርያም እየማለች፣ እያለቀሰች ነግራኝ ነበር" አሉ። "እኔ ነኝ፣ አስተማሪ ናቸው ብዬ፣ ልጄን ትቼ እርስዎን ያመንኩት።"