ጋሼ ጠቅልልን የሚናገረው ሰውዬ

ስለ ዲሪርሳ ልጽፍ ነው። ጽሑፍ ብዙ አልችልም፣ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ቢሆንም ስለሱ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ስለዚህ ልሞክር።

ዲሪርሳ የተጂ ገጠር ልጅ ነው። አባቱ ጤፍና ሽምብራ ያርሳሉ። አስረኛ ክፍልን ጨርሶ ቡራዩ ሲመጣ ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው አጣና ተራ። ባሕር ዛፍ እናወርዳለን፣ እንደረድራለን፣ ለገዢ እንጭናለን። ትከሻው ለእንጨት የተፈጠረ አይደለም። አፉ ግን ሌላ ነው። ገዢው ገና ከመኪና ሳይወርድ በኦሮምኛ ሰላምታ ይቀበለዋል፣ "አካም ጅርቱ ኦቦ! ኑ ወደዚህ፣ ቀጥ ቀጥ ያለው እኛ ጋ ነው!" ይላል። ሰው ይወደዋል። እኔ ደግሞ ሰው እያየኝ መናገር አልችልም።

አሁን ዲሪርሳን የማያውቅ የለም። ማለቴ ፊቱን አይደለም፣ ድምፁን ነው። በስልክ የሚታየው ካርቱን ላይ ጋሼ ጠቅልል የሚባል ሀብታም አለ አይደል? ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባው፣ ሱሉልታን ገዝቼ ብርዱን አከራያለሁ የሚለው። እሱን የሚናገረው ዲሪርሳ ነው።

እሺ፣ ልናገረውና ይውጣልኝ። ድምፁ የኔ ነው።

አንድ ቀን ለገጣፎ ቪላ የሚያሠራ ሰውዬ መጣ። በኛ ተራ ብዙ አጣና ለገዛ ሰው ሳይጠይቅም ሁለት ሦስት እንጨት ምርቃት እንጨምርለታለን። ሰውዬው ምርቃቱን ካስጫነ በኋላ "የምርቃቱስ ምርቃት?" አለ። አልሳቀም፣ የምሩን ነው። ከዚያ መሬት ላይ የወደቀውን ቅርፊት ሁሉ አስለቅሞ ጫነ። እሱ ሲሄድ እኔ ከክምሩ ጀርባ ሆኜ፣ ማንም በማያየኝ ቦታ፣ በአፍንጫዬ "የምርቃቱስ ምርቃት? ጥላውንስ ለማን ትታችሁ ነው? ጫኑት!" አልኩ። ተራው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ "ሞቱማ፣ ሰውዬውን አምጣው እንጂ!" ይሉኛል። ከክምሩ ጀርባ ካልሆንኩ ግን አይመጣልኝም።

ሄመን የምትባል ልጅ፣ ሰበታ ቤቷ ተቀምጣ በኮምፒውተር ካርቱን የምትሠራ፣ ቡራዩ ላሉት እናቷ የአጥር አጣና ልትገዛ መጥታ ይህንን ሰማች። "ማነው እሱ?" እያለች ክምሩን ዞራ መጣች። ዲሪርሳ አጠገቤ ቆሟል። እኔ አቀረቀርኩና በእጄ ወደሱ አሳየኋት።

"እሱ ነው" አልኳት።

ዲሪርሳ አየኝ። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አላት፣ ያውም በዚያው ድምፅ። ስንት ጊዜ ሲሰማኝ ለምዶታል። ሄመን ለዚያ ድምፅ ጋሼ ጠቅልልን ሠራችለት፣ እሱም ድምፁን በስልክ እየቀረጸ ይልክላታል።

ስለዚህ ሰረቀኝ ማለት አልችልም። ራሴ ሰጥቼ ራሴ ነው የምቃጠለው። ሱሉልታ ስሄድ የታክሲው ረዳት "የምርቃቱስ ምርቃት?" እያለ ሰው ያስቃል። እኔ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ዲሪርሳ አዲስ ጫማ ገዝቶ ሲመጣ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ጭቃ ውስጥ በገባልኝ ብያለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ሚስቴ ወርቅቱ ካርቱኑን በስልክ እያየች በሳቅ ትንፈራፈራለች። አንድ ቀን ወኔ አገኘሁና እዚያው ፊቷ ሞከርኩት።

"ተው ሞቱማ፣ ያንተማ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው" አለች። "የዲሪርሳን ስማ እስቲ" ብላ ስልኩን ወደኔ አዞረችው። የዚያን ቀን ራት አልበላሁም።

ባለፈው ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ዲሪርሳ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

"ሞቱማ፣ አንድ ነገር አስቸገረኝ። በሚቀጥለው ክፍል ጋሼ ጠቅልል ያለቅሳል።"

"ለምን?"

"ዝናብ ዘነበና ለሁሉም ሰው እኩል ወረደ። ሦስት ጊዜ ቀርጬ ላክሁላት፣ ሄመን አልወደደችውም። እንዴት ነው የሚያለቅሰው?"

"እኔ ምን አውቄ? ሰውዬው አንተ አይደለህ እንዴ?"

"ተው እንጂ ጓደኛዬ።"

"ወርቅቱም ያንተ ይሻላል ብላለች። ሂድና እሷን ጠይቃት።"

ሳቀ። ያ ሳቁ ነው ያናደደኝ። "ለሄመን ደውልላት" አልኩት። የምቀልድ መስሎት ደወለና ስፒከሩን ከፍቶ ሰጠኝ። ጀርባዬን ሰጠሁት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። "ሄሎ?" ስትል ለቅሶውን ለቀቅሁት። "ወይኔ ዝናቤ! የጎረቤቴ ማሳ ላይ ወረደብኝ! መልሱልኝ! አንድ ጠብታ ሳታስቀሩ ልቀሙልኝ!" መጀመሪያ የጋሼ ጠቅልል ለቅሶ ነበር። ቆይቶ ግን የማን እንደሆነ እኔም አላወቅሁም፣ እንባዬ ወረደ።

"ዲሪርሳ!" አለች ሄመን እየሳቀች። "ይሄ ነው! ከጀመርን ጀምሮ እኮ እንዲህ አድርገህልኝ አታውቅም!"

ዞሬ ዲሪርሳን አየሁት። ያንን በቅናት የተቃጠለ ፊት አውቀዋለሁ፣ ስንት ወር እኔ ላይ ነበር። እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ። አልሰጠሁትም።

"ዲሪርሳ አይደለሁም" አልኳት። "ሞቱማ ነኝ።"

"የቱ ሞቱማ?"

"ያኔ ከክምሩ ጀርባ እሱ ነው ብዬ ዲሪርሳን ያሳየሁሽ።"

"ቅዳሜ ከሱ ጋር ሰበታ ና" አለች። "የምትናገሩትን ጽሑፍ ዛሬ ለሱ እልካለሁ፣ አንብበህ ና።"

"ቶሎ ማንበብ አልችልም።" ይህንን አፍ አውጥቼ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

"ታዲያ ማን ያነብልሃል?"

ዲሪርሳ መሬት መሬት ያያል። እንዳቀረቀረ "እኔ አነብለታለሁ" አለ፣ ለስልኩ እንጂ ለኔ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ ሙሉ አጣና አብረን ጫንን። ማታ ጽሑፉ ስልኩ ላይ ሲደርስ፣ ፊቴን ሳያይ ማንበብ ጀመረልኝ።