ሉሊት እና አልዞር ያለው የዲኤክስ ቁልፍ

ሉሊት ደንበኛ ሲመጣባት መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ምን ጨመራችሁበት?»

መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምንም።»

በአሥራ ስድስት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክና የቁልፍ ሥራዋ ይህን «ምንም» የሚባል ነገር በብዙ መልኩ አይታዋለች። አንዴ የምግብ ዘይት ሆኖ ከቁልፍ ቀዳዳ ወጥቷል፤ አንዴ ናፍጣ፣ አንዴ የሳሙና ውሃ። አንዲት ሙሽራማ የፀጉር ቅባቷን አንቆርቁራበት መጥታ «እኔ እንጃ፣ ሲገዛም እንዲህ ነበር» ብላታለች። የአዳማ አቧራ ደግሞ ቅባት ካገኘ ወዳጅነቱ የጋብቻ ነው፤ አይለቅም።

የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ናት። ቴክኒክና ሙያ ገብታ ሁለት ዓመት ተምራ ስትወጣ መጀመሪያ የተቀጠረችበት ጋራዥ ስድስት ወር ሙሉ ዕቃ ከማጠብ በቀር ምንም አላስነካትም። እሷ ግን የተጣሉ የቁልፍ ቤቶችን እየለቀመች በምሳ ሰዓት ጭኗ ላይ ትፈታቸው ነበር። ዛሬ ከመናኸሪያው ጀርባ የራሷ ጠባብ ሱቅ አላት። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ፣ እስከ ሦስት ሰዓት ትተኛለች። ትተኛለች ማለት፣ የሚያስተኛት ካገኘች ነው።

የዚያን እሁድ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ። ጋሼ ጎበና ናቸው፤ ሦስት መንገድ ተሻግሮ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ።

«ሉሊት፣ ድረሽልኝ! ቁልፉ ገብቶ ቀረ። አይዞርም፣ አይወጣም፤ መሪውም ተቆልፏል።»

«ምን ጨመሩበት?»

«ምንም!»

ሉሊት ከአልጋዋ ወረደች። ከዚያ የዕቃ ሣጥኗን አንስታ ባጃጅ ያዘች።

የጋሼ ጎበና ነጭ ዲኤክስ ከግቢው በር ላይ አፍንጫዋን ወደ መንገድ አውጥታ ቆማለች። በዕድሜ ከሉሊት በሁለት ዓመት ብቻ ነው የምታንሰው። ጋሼ ጎበና ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባታቸው ወደ ትከሻቸው ዞሮ፣ መኪናዋን ይዞሯታል። ከኋላ ወንበር ሐጂ ኡበይደላ፣ የግድግዳ ጎረቤታቸው፣ በሩን ከፍተው መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከፊት ደግሞ ኦቦ ኤባ፣ የጋሼ ጎበና የአክስት ልጅ፣ ወንበሩን ሞልተውት ከዘራቸውን ታቅፈዋል። አምና ከፈረስ ጋሪ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር።

«አካም ቡልታን» አለች ሉሊት፣ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ስትል።

«ነጋ ነጋ» አሉ ኦቦ ኤባ፣ ከእሷ አልፈው መንገዱን እያዩ። «ባለሙያው ከኋላ እየመጣ ነው?»

«ባለሙያው እኔ ነኝ። ይውረዱልኝ፣ ከስር ነው የምሠራው።»

«እኔን? ለማስገባት ሁለት ሰውና አንድ ዱካ ፈጅቷል። አልወርድም።»

ሉሊት ወደ ጋሼ ጎበና ዞረች። ጋሼ ጎበና ወደ ሰማይ አዩ።

ነገሩን ያስረዷት ሐጂ ኡበይደላ ናቸው። ሦስቱ ለሽምግልና እየሄዱ ነው። የጋሼ ጎበና የወንድም ልጅ ያደታ ላንጋኖ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ነው፤ የሚፈልጋት ልጅ ዲንቄ ከባቱ አልፎ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ነው ቤቷ። አባትየው ሁለቴ በቀጠሮ መልሰዋቸዋል። ሦስተኛው ቀጠሮ ዛሬ አምስት ሰዓት ነው። ባለፈው ሲሸኟቸው «በሦስተኛው ያልተገኘ ሽማግሌ አልፈለገም ማለት ነው፤ ሌላም ደጄ የቆመ አለ» ብለዋል። ያ ሌላው፣ የእህል ነጋዴ ልጅ ነው።

«በሚኒባስ አትሄዱም?» አለች ሉሊት።

«እስከ ባቱ እንሄዳለን። ከዚያ ወዲያ የገበያ ቀን ካልሆነ መኪና የለም። ኤባን በፈረስ አንጭነው!»

«ፈረስ አታንሱብኝ» አሉ ኦቦ ኤባ።

ሉሊት ሰዓቷን አየች። አንድ ሰዓት ከሩብ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ካልተነሱ አይደርሱም። በጉልበቷ ተንበርክካ ቁልፉን በሁለት ጣቷ ያዘችው። ነካ ስታደርገው እንደ ድንጋይ ነው፤ ያውም ወደ ቀኝ ጎብጧል።

«ማነው በፒንሳ የጠመዘዘው?»

ጋሼ ጎበናና ሐጂ ወደ ኦቦ ኤባ ዞሩ።

«ማነው?»

«ትንሽ ነው የረዳሁት» አሉ ኦቦ ኤባ። «ወንድ አይሞክርም እንዴ?»

«ሌላ ትንሽ ቢረዱት ኖሮ እኮ ተሰብሮ ውስጥ ይቀር ነበር! ጋሼ፣ የባትሪውን ጥቁር ሽቦ ይፍቱልኝ። ሐጂ፣ እዚህ አካባቢ ማንም ሲጋራ እንዳያበራ ይጠብቁልኝ፤ ቤንዚን ነው የምጠቀመው። ኦቦ ኤባ፣ እርስዎ... እግርዎን ብቻ ሰብሰብ ያድርጉልኝ።»

የተቆለፈ መሪ ቁልፉን ጠፍንጎ ይይዛል። መጀመሪያ መሪውን ወደሚላወስበት ወገን ገፍቶ፣ ክብደቱን ከቁልፉ ላይ ማንሳት ነው። እሷ ከስር እየሠራች መሪውን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል፤ ከቅርብ ያለው ደግሞ ኦቦ ኤባ ብቻ ነው።

«መሪውን በግራ እጅዎ ወደ እርስዎ ሳብ ያድርጉት። ቀስ ብለው!»

«ይኸው ሳብኩ።»

«ይህ መሳብ አይደለም፣ መንቀል ነው! እንደ ሕፃን ነው የሚይዙት።»

«ከሕፃን ጋር ተስማምቼ አላውቅም» አሉ፣ ግን ላላ አደረጉት።

ሉሊት በመርፌ መውጊያ ሲሪንጅ ቤንዚን ስባ በቁልፉ ዳርና ዳር ጠብ ጠብ አደረገችበት። ጠበቀች። በካቻቢቴ የእንጨት እጀታ የቁልፉን ራስ ኳ ኳ አድርጋ መታችው። እንደገና ቤንዚን። ከቀዳዳው ቡናማ ፈሳሽ መውረድ ጀመረ። ጣቷን ነክራ ፈተገችው፤ ወፍራም ነው፣ ይለጠፋል፣ በውስጡ አሸዋ አለ።

«ጋሼ ጎበና፣ ዘይት ነክቶታል?»

«ዘይት? በልጆቼ! ጠብ አላደረግኩበትም።»

«ናፍጣ?»

«ሞኝ ነኝ እንዴ?»

ስልካቸው ጮኸ። ያደታ ነበር። «መጣን፣ መንገድ ላይ ነን» አሉትና ዘጉ። ሐጂ ኡበይደላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሩ መንገድ ላይ ነው፤ እኛም በሩ ላይ ነን» አሉ ጋሼ ጎበና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

በአምስተኛው ሲሪንጅ ቁልፉ ቀጭ አለ። ሉሊት ትንፋሿን ይዛ ግማሽ ዙር አዞረችው፤ በዚያ ቦታ ብቻ በምትገለጠው ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ምስማር ከትታ መያዣውን ገፋች፤ የቁልፉ ቤት ከነቁልፉ ተንሸራቶ መዳፏ ላይ ወደቀ። በነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋችው። ቁልፉን ለይተው የሚያውቁት ስስ የነሐስ ቅጠሎች፣ አንዷ ከሌላዋ ተጣብቀው፣ በጭቃ የተመረገ ግድግዳ መስለዋል። ቁልፉን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ከቤንዚኑ በታች ሌላ ሽታ አለ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው።

«ይህ ቅቤ ነው!»

ጋሼ ጎበና ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«ጋሼ! ሁለቴ ጠይቄዎት?»

«ዘይት ነው የጠየቅሽኝ። ቅቤ መች ዘይት ሆነ? ምርቃት ነው እንጂ! ደግሞም ቁልፉን ነው እንጂ መኪናዋን ማን ቀባት? ያውም እኔ አይደለሁም፤ እናቴ ናት።»

መኪናዋ ከተገዛች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሰውየው ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለልቅሶ፣ ለሽምግልና በተነሱ ቁጥር እናታቸው እማማ ፀሐይቱ ቁልፉን ለጋ ቅቤ ቀብተው «መንገዱ እንደ ቅቤ ይለስልስላችሁ» እያሉ መርቀዋል። ጋሼ ጎበናም አንድም ቀን ሳይጠርጉ ቀዳዳው ውስጥ ሲከቱት ኖረዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ያውም ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው!

«ምርቃት ይጠረጋል እንዴ?» አሉ ሐጂ ኡበይደላ ለጓደኛቸው በማዘን።

«አይጠረግም» አሉ ኦቦ ኤባ።

ሉሊት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ከቤንዚን አውጥታ በጥርስ ብሩሽ ፈተገች፣ በጎማ መንፊያ አደረቀች፣ የእርሳስ ዱቄት ነፋችባቸው። ዱቄት አቧራ አይጠራም፤ ይህን ለስንት ሰው ተናግራለች! የጎበጠው ቁልፍ ግን ጥርሱ አልቆ ዱልዱም ሆኗል፤ ቤቱ ቢጸዳም እሱ አይመለስበትም።

«መለዋወጫ ቁልፍ አለ?»

«እናቴ ሣጥን ውስጥ። ሲገዛ አብሮ የመጣው፣ አንድም ቀን አልተነካም።»

እማማ ፀሐይቱ ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው። ተጠርተው፣ ሣጥን ተከፍቶ፣ ጨርቅ ተፈትቶ እስኪመጡ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ሉሊት አሻግራ አየቻቸው፤ በአንድ እጃቸው የሚያብለጨልጨው አዲስ ቁልፍ፣ በሌላው ትንሽ የቅቤ ቅል። ጣታቸው ቅሉ ውስጥ ገብቷል።

«እማማ! ይቆዩ!»

አሮጊቷ ባሉበት ቆሙ። ጋሼ ጎበና መሬት መሬቱን አዩ። ሉሊት የምትለውን ሁሉ ምላሷ ላይ ደርድራዋለች፦ መኪናዋን ያሰረቻት ይህች ጣት ናት፣ የልጅ ልጅዎን ሚስት ልታስቀር ነበር። ግን ለሽምግልና በሚወጡበት ጠዋት ለእናት «ምርቃትሽ አሰረን» ማለት አይቻልም። ኦቦ ኤባ ራሳቸው ትንፋሻቸውን ውጠዋል።

ጨርቁ ላይ የተኛውን ጎባጣ ቁልፍ አነሳችው።

«እማማ፣ አሥራ አንድ ዓመት የለፋው ይኼኛው ነው። ያ ገና አንድ እርምጃ አልሄደም፣ ምን ሠርቶ ይቀባል? ይህንን ይመርቁልኝ።»

እማማ ፀሐይቱ ትንሽ አሰቡ። «ልክ ነሽ» አሉ። አሮጌውን ቁልፍ ተቀብለው፣ ከራስ እስከ ጫፍ ቀብተው፣ የመንገዱን ምርቃት አንድም ቃል ሳያስቀሩ አደረሱ። ሁሉም አሜን አለ። ሉሊት የተቀባውን ቁልፍ በሲባጎ አስራ ከፊት መስታወቱ ላይ ሰቀለችው። የጸዳውን የቁልፍ ቤት ከመሪው ስር መልሳ ገጠመችና አዲሱን ከተተችበት። ዞረ። የባትሪው ሽቦ ታሰረ፣ ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ» አለች በመስኮቱ አጎንብሳ። «የተሰቀለው ለምርቃት ነው። ይህ ለሞተር ነው። ቅቤ የነካው እጅ ይህንን እንዳይነካ!»

«ገባኝ።»

«ኦቦ ኤባ፣ ይጠብቁልኛል?»

«በከዘራዬ» አሉ። ከዘራቸውን አንስተውም «ገለቶሚ፣ ባለሙያዋ» ሲሉ አመሰገኗት።

ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ወጡ።

ሉሊት ቤቷ ተመልሳ ልትተኛ ሞከረች። እንቅልፍ የለም። ሦስት ሰዓት ላይ ሞጆን አለፉ ብላ አሰበች። አራት ተኩል ላይ ባቱን። አምስት ሰዓት ላይ ልብስ እያጠበች ሰዓቷን ሁለቴ አየች፤ በሰው ሽምግልና ምን አገባኝ ብላ ራሷን ተቆጣች። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ።

«ሰጡን!» አሉ ጋሼ ጎበና፤ ከኋላቸው እልልታ ይሰማል። «አምስት ደቂቃ ቀድመን ነው የደረስነው። ዲንቄ የያደታ ሆነች!»

«እንኳን ደስ አልዎት ጋሼ።»

«አባትየውም ደስ ብሏቸው፣ ያመጣቻችሁ መኪና ትመረቅ ብለው ቅቤ አስመጡ።»

ሉሊት እጇ ሳሙና ውስጥ እንዳለ ደረቀች።

«የትኛውን ቀቡ?»

«የተሰቀለውን ነዋ! ኤባ አዲሱን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቁጭ ብሎበታል።»

«ኦቦ ኤባ ቅቤ ነክተዋል?»

 ከወዲያ ማዶ ኦቦ ኤባ ሲጠየቁ፣ የቅቤ እጃቸውን አይተው ሲሳደቡ፣ ሐጂ ኡበይደላ ሲስቁ ሰማች።

«ጨርቅ ይፈልጉ» አለች። «ቁልፉን ሦስት ጊዜ ይጥረጉት። ስልኩን ሳይዘጉ ያስነሱት፤ እኔ ልስማ።»

ቆመች፤ ከክንዷ አረፋ እየተንጠባጠበ። በር ተከፍቶ ተዘጋ። አንዴ ጭረት፣ ሁለተኛ ጭረት፤ ከዚያ የዲኤክሷ ሞተር ያንን የምታውቀውን ሳል ስሎ ተነሳ።

«ተነሳች!»

«እንግዲህ እቤት እስኪገቡ እንዳያጠፏት» አለችና ዘጋችው።