የማላምነው ጎማ

የልጅ ልጆቼን ተራራ ላይ በረዶ ላሳያቸው ቃል ስለገባሁ፣ ለትልቋ መኪናዬ በረዶ ላይ የሚነዳበት የክረምት ጎማ ልጠይቅ፣ በምንኖርበት ባዕድ አገር ሰንሻይን የሚባል ሰፈር ወዳለ ጎማ ቤት ሄድኩ። ባለሱቁ የአገሬ ልጅ ነው። ጉዳዬን ስነግረው ጎንበስ ብሎ የመኪናዬን ጎማዎች አየና፣ «ጋሼ፣ የርስዎ ተበልተው አልቀዋል። በእነዚህ ጎማዎች ልጆች ጭነው ተራራ አይወጡም» አለኝ።

ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። «ገና ብዙ ይሄዳሉ» ብዬ ተከራከርኩት። በመጨረሻ ግን ለልጆቹ ስል ጥርሱ ጠለቅ ያለውን አዲስ ጎማ አገላብጬ መረጥኩ።

«እስክገጥመው ውጭ ይቀመጡ» ሲለኝ ነገሩ ይባስኑ አላማረኝም። የመረጥኩትን በአሮጌ ሊቀይርብኝ ይሆናል ብዬ ትንሽ ቆይቼ ቀስ ብዬ ገባሁ። እውነትም መሬት ላይ አንድ ጎማ ተጋድሟል። በእጄ ብዳብሰው ልሙጥ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ዓይን ላለው ሰው ይሄ ጎማ ነው? ልጆቼን ልትፈጅብኝ ነው?» አልኩት።

«እሱ አሁን ከመኪናዎ ያወለቅኩት ነው፣ ጋሼ» አለኝ።